አክስትህ ከዴንቨር የትኛውን ታምጣልህ? ስለ መኪና የበረዶ መጥረጊያና የውርጭ መፋቂያ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ ፒክአፕ ነው የምነዳው። ለሥራ ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ ከተማ በኩል አድርጌ ወደ ቾቄ ተራራ እወጣለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት እዚያው አድራለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ስነሣ የፊት መስታወቱ ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል። ክረምት ላይ ደግሞ በረዶ ኮፋኖው ላይ ይከመራል። እስካሁን የፈላ ውሃ እየደፋሁ ነው የተገላገልኩት። አክስቴ ለገና ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር ልትመጣ ነው። እዚያ የመኪና በረዶ መጥረጊያ በሽ ነው አሉ፤ የአሥር ዓይነት ፎቶ ልካልኝ ግራ ገባኝ። የቱን ልበላት?»

ወንድምዓለም፣ በመጀመሪያ የፈላ ውሃውን ተው። ከዛሬ ጀምረህ ተው። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ለማታውቁኝ ሰዎች፦ እኔ ደብረ ማርቆስ ባትላሜራና ቀለም ቀቢ ነኝ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ዴንቨር ውስጥ በዚሁ ሥራ ኖሬያለሁ። ስለዚህ አክስትህ ፎቶ የላከችልህን ዕቃዎች ይዤ በረዶ ጠርጌባቸዋለሁ። ያበላሹትን ቀለምም እኔው አስተካክያለሁ።

አክስትህና አንተ የምትነጋገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኛ «በረዶ» ስንል ብዙ ነገር በአንድ ስም እንጠራለን። ክረምት ላይ ከነጎድጓድ ጋር ዱብ ዱብ የሚለው ጠጠሩ በረዶ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋው ውሃም በረዶ ነው። ዴንቨር እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውንም በረዶ እንለዋለን፤ የድሮ ሰዎች አመዳይ ይሉታል፣ እዚያ ያሉት የኛ ልጆች ደግሞ ስኖው ይላሉ። አንተን ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግርህ ግን ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። ውርጭ ነው። ውርጭ ሌሊት እዚያው መስታወቱ ላይ ይሠራል፣ እዚያው ይጣበቃል። አመዳይ ይጠረጋል፣ ውርጭ ይፋቃል፣ ጠጠሩ በረዶ ደግሞ ይገፋል። ለሦስቱም የሚሆን አንድ ዕቃ የለም። አለ ብሎ የሚሸጥልህ ካለ አትመነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። ዴንቨር ከፍታዋ 1,609 ሜትር ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከፍ ያልነው እኛ ሆነን ስኖው የሚወርደው ለነሱ ነው። እነሱ ከምድር ወገብ በጣም ርቀው፣ 40ኛው ዲግሪ አካባቢ ናቸው። እኛ ያለነው 10ኛው ላይ ነው። የኛ ብርድ ታዲያ ከሌሊቱና ከከፍታው ይመጣል። 1,000 ሜትር በወጣህ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። የቾቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከማርቆስ ወጥተህ ላይኛው ቾቄ ስታድር 10 ዲግሪ ያህል ትተህ ነው የምትሄደው። ማርቆስ ላይ ጋቢ ያስደረበ ሌሊት እዚያ መስታወትህን ነጭ ያደርገዋል።

ወደ ፎቶዎቹ ልግባ። አክስትህ ከላከችው ውስጥ ረጅሙ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጫማ ብሩሽ ፀጉር ያለው፣ የስኖው ብሩሽ ነው። ለደረቅና ለስላሳ አመዳይ የሚሆን ነው። ሌላው ጫፉ ላይ ሰፊ የስፖንጅ ሰሌዳ የተሰካበት ነው። ፎም ይሉታል። እርጥብና ከባድ አመዳይን ከጣሪያና ከኮፋኖ ላይ በአንድ ግፊያ ያወርዳል፣ ቀለምም አይጎዳም። ግን መስታወት ዳር፣ መብራት ጥግና መስኮት ፍሬም ውስጥ አይገባልህም። ሦስተኛው እጀታው እንደ አንቴና የሚሳበው ነው። ረጅም መኪና ላለው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የሚሰበረው ሁልጊዜ መቆለፊያው ላይ ነው። በማዞር የሚቆለፈው ብርድ ላይ ይንሸራተታል። ቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ጠቅ ብሎ የሚገባው ይሻላል። አራተኛው አጭሩ መፋቂያ ነው፤ መዳፍ የሚያክል፣ ምላጭ ያለው።

እኔ ዴንቨር ብኖር ኖሮ ፎሙንና መፋቂያውን እገዛ ነበር። ፀጉር ብሩሹን እተወዋለሁ። ቂም አለኝ።

የመጀመሪያው ክረምቴ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ አድሯል። አለቃዬ ግቢ ያሉትን የደንበኛ መኪኖች አጽዳ አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ያገኘሁትን የወለል መጥረጊያ አንሥቼ አንዱን ጥቁር መኪና ከጣሪያ እስከ ኮፋኖ ሸርሸር አደረግኩት። አመዳዩ ወረደ። ፀሐይ ሲወጣ ቀለሙ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አየሁ። ላዩ ላይ ያለው ክሊር የምንለው ንብር 50 ማይክሮን ቢደርስ ነው፤ የሰው ፀጉር እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወፍራል። የጫርኩት እሱን ነበር። ሁለት ቀን በፖሊሽ ማሽን ስታገል ከረምኩ። አለቃዬ አልጮኸም። የቡና እረፍቴን ብቻ ወሰደብኝ፤ እሱ ይብሳል።

ጭረቱን ያመጣው ግን ፀጉሩ ብቻ አልነበረም፤ ፀጉሩ ውስጥ የነበረው አሸዋ ነው። ለኛ አገር ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንተ የምትነዳበትን መንገድ አውቀዋለሁ። በጋ ላይ ከፊትህ አንድ አይሱዙ ካለ አቧራው መስታወትህ ላይ እንደ ዱቄት ይነሰነሳል። አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ ከመስታወት ይጠነክራል። ማታ አቧራው ይቀመጣል፣ ሌሊት ውርጩ በላዩ ይሠራል፣ ጠዋት አንተ መፋቂያ ይዘህ ትመጣለህ። ያን ጊዜ የምትፍቀው ውርጭና አሸዋ የተደባለቀበትን ነው። በሌላ ቋንቋ የአሸዋ ወረቀት ነው። መፋቂያው ምንም ያህል ጥሩ ይሁን፣ ዓመት ሳይሞላ መስታወትህ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ታያለህ። ቀን ቀን ላይታዩህ ይችላሉ። ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍባቸው ግን ዓይንህን ያጥበረብሩታል።

ስለዚህ ማታ ስታቆም መስታወቱን በውሃና በንጹሕ ጨርቅ እጠበው፤ ከዚያ አድርቀው። ሁለት ደቂቃ ነው። እርጥብ ከተውከው ግን ውርጭ ሳይሆን በረዶ ሆኖ ነው የሚያድርብህ፣ ያ ደግሞ ባሰ።

አሁን ወደ መፋቂያው። ሁለት ዓይነት ምላጭ አለ፣ የፕላስቲክና የነሐስ። ነሐስ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ብረት መስታወት ላይ? ነሐስ ግን ከመስታወት ይለሰልሳል። ንጹሕ መስታወት ላይ አይጭርም። ጠርዙ ቀጭን ስለሆነ ውርጩን ከሥሩ ይዞ ያነሣዋል፣ ሳትታገል። ቀለም ላይ፣ ፕላስቲክ ላይና የፊት መብራት ላይ ግን በፍጹም እንዳይነካ። የዛሬ መኪኖች መብራት ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው።

የፕላስቲኩ ጥሩነት በጥራቱ ይለያያል። ርካሹ ብርድ ላይ ደረቅ ይሆንና ጠርዙ እንደ አሮጌ ማጭድ ይሸራረፋል። የተሸራረፈ ጠርዝ መሃል መሃል ላይ ውርጭ እያስቀረ መስመር መስመር ይሠራል። አክስትህ ሱቅ ገብታ በጥፍሯ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ትሂድበት። ከቆነጠጣት ወይም ከጎረበጣት ትመልሰው። ፖሊካርቦኔት የሚል ከተጻፈበት ጠንካራ ነው። ቆይቶ ቢደነዝዝ ደግሞ አትጣለው። የደቀቀ የአሸዋ ወረቀት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንጥፈህ ጠርዙን ቀጥ አድርገህ ብትስለው ይመለሳል። እኔ አንዱን ፕላስቲክ እንደዚህ እያደረግኩ አራት ክረምት ተጠቅሜበታለሁ።

የምላጩ ስፋት ስንት ይሁን? 10 ሴንቲ አካባቢ ይበቃሃል። ሰፊው ፈጣን ይመስላል፣ ግን የመኪና መስታወት ጎበጥ ያለ ስለሆነ መሃሉን አይነካልህም። የአንዳንዱ ጀርባ ጥርስ አለው። እሱ ወፍራም በረዶ መሰነጣጠቂያ ነው። ለውርጭ አያስፈልግም። ስትፍቅ ከላይ ወደ ታች፣ ምላጩን ዘንበል አድርገህ፣ በአንድ አቅጣጫ። ወዲያ ወዲህ አታመላልሰው። ያነሣኸው ብናኝ ተመልሶ ከሥሩ ይገባል።

የባንክ ካርድ የሚጠቀም ሹፌር አይቻለሁ። ለስስ ውርጭ ይሠራል፣ አልዋሽህም። ከዚያ ካርዱ ይጎብጥና ገንዘብ ማውጫው ላይ ትቆማለህ።

የፈላ ውሃው ነገር። የፊት መስታወት ሁለት ንብር ሆኖ መሃሉ ላይ ፕላስቲክ የተጣበቀበት ነው። ለዚህ ነው ሲሰበር እንኳ የማይበተነው። በውርጭ የቀዘቀዘው ውጭኛው ንብር ላይ የፈላ ውሃ ስትደፋ እሱ ባንዴ ይለጠጣል፣ ውስጠኛው ግን ገና ብርድ ላይ ነው። ጤነኛ መስታወት ጥቂት ጊዜ ሊችለው ይችላል። ኮረኮንች ላይ የሚነዳ መኪና መስታወት ግን ጤነኛ ነው? ጠጠር የመታው አንዲት ነጥብ አትጠፋውም። ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያች ነጥብ ነው። አንድ ደንበኛዬ ዳር ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ምት ነበረችው። አንድ ጠዋት ብቻ ጀበና ውሃ ደፋበት፣ ስንጥቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደለም ብሎ የተከራከረኝም አለ። ልክ ነው፣ ግን መስታወቱን አላዳነለትም። በዚያ ላይ የደፋኸው ውሃ ወደ ታች ወርዶ የዋይፐሩ ሥር ይረጋል፤ ያኔ ሌላ ጣጣ።

ጨው ያለበት ውሃም አትርጭ። ውርጩን ያሟሟዋል፣ ላሜራህንም አብሮ ይበላዋል። ዴንቨር ሳለሁ ዝገት ከበላቸው መኪኖች ብዙዎቹን የበላቸው መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ነው።

የሚረጭ ነገር ካስፈለገህ ከመድኃኒት ቤት 70 ፐርሰንት አልኮል ግዛ። ሁለት እጅ አልኮል፣ አንድ እጅ ውሃ አድርገህ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ ያዘው። ረጨት አድርገህ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፤ ውርጩ ይለሰልስና በመፋቂያ ሸርተት ይላል። እሳት ይይዛል፣ ስለዚህ ሲጋራ ከአፍህ አውጣ። ዳግም አረቄስ አይሆንም ወይ ብሎ የጠየቀኝ አለ። በሳይንሱ ይሆናል። ግን መጀመሪያ ጎረቤትህ ያዝንብሃል፣ ቀጥሎ ትራፊክ ሲያስቆምህ መኪናው እንጂ እኔ አልጠጣሁም ልትለው ነው።

አሁን ምናልባት የማትጠብቀውን ልንገርህ። ለአንተ ከመፋቂያ የሚበልጠው ዕቃ የማዳበሪያ ጆንያ ነው።

ውርጭ የሚሠራው ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ነው። ደመና ካለ ብዙም አይሠራም፤ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። መስታወትህ ወደ ላይ ወደ ሰማይ ያያል። ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅቃል። ስለዚህ ከአየሩ ራሱ በላይ ይቀዘቅዛል። አየሩ ገና ከዜሮ በላይ ሆኖ መስታወቱ ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። የጎን መስኮቶችህ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆነው ያድራሉ፣ አላየህም? ቀጥ ብለው ስለቆሙ ነው። መፍትሔው እንግዲህ መስታወቱን ከሰማዩ መሸፈን ነው። ቾቄ ላይ ያለው ጅብራ የሚባለው ተክል እንኳ ማታ ማታ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ነው የሚያድረው። ከሱ አናንስም።

ደረቅ ጆንያ ሁለት ሦስት ቀድደህ አንድ ላይ ስፋ። መስታወቱ ላይ አንጥፍ፣ ሁለቱን ጫፍ በር ውስጥ አስገብተህ ዝጋ፣ ዋይፐሩን በላዩ ጣል አድርግ። ጠዋት ገፈፍ አድርገህ ታነሣዋለህ፣ ውርጩ ከሱ ጋር ይሄዳል። እርጥብ እንዳይሆን ብቻ። የረጠበ ጆንያ መስታወት ላይ ይጣበቅና ሁለቱንም ስትለያይ ይረፍድብሃል።

የምታቆምበትም ቦታ ለውጥ አለው። ረባዳ ቦታ አትቁም። ብርድ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ እዚያ ይተኛል። ባቄላውን ውርጭ የሚመታው ረባዳው ላይ ነው አይደል? መኪናም እንደዚያው ነው። ተዳፋት ላይ፣ ግድግዳ ሥር ወይም ጣሪያ ሥር ቁም። የመኪናውን ፊት ወደ ምሥራቅ ካደረግከው ጠዋት የመጀመሪያዋ ፀሐይ ግማሹን ሥራ ትሠራልሃለች።

የክረምቱ ጠጠር በረዶ ሌላ ነው። እሱ አይጣበቅም፤ ቀልጦ ሌሊት ካልረጋ በቀር። ሲከመር በዋይፐር ለመጥረግ አትሞክር። ዋይፐር ውሃ እንዲገፋ እንጂ ክምር እንዲገፋ አልተሠራም፤ ወይ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ወይ ክንዱ ይላላል። ውርጭ የያዘው የዋይፐር ጎማም ሳይለቀቅ ዋይፐሩን ብታስነሣው ይቀደዳል። በእጅህ መጀመሪያ አላቅቀው።

ጠጠሩን ለመግፋት የአክስትህ ፎም ጥሩ ነበር። ግን እዚሁ ልትሠራው ትችላለህ። ያ ፎም የሲሊፐር ጫማ ከሚሠራበት ዓይነት ነው፤ ውሃ አይመጥም። የዚያ ዓይነት ወፍራም ምንጣፍ ቁራጭ ፈልግ፣ ጣውላ ላይ ለጥፈህ የመጥረጊያ እንጨት ግጠምለት። ምስማሩ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተጠንቀቅ። የፍራሽ ስፖንጅ አትጠቀም፣ ውሃ ይመጥና ይከብዳል። ከጣሪያው ጀምር። ኮፋኖውን አጽድተህ ጣሪያውን ከተውከው የመጀመሪያዋ ፍሬን ላይ ክምሩ ተንሸራቶ መስታወትህ ላይ ይቀመጣል። ግፋው እንጂ አትጎትተው፤ ጠጠሩ ጭቃም ይዞ ነው የሚመጣው።

በረዶው ላሜራውን ጎድጉዶት ከሆነ ለብቻው ጠይቀኝ። ስቱኮ ከማስሞላትህ በፊት ግን አሳየኝ። ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ብዙውን ከውስጥ በኩል ገፍተን እናወጣዋለን።

ሂተር ካለህ ሞተሩን አስነሥተህ መጀመሪያ በትንሹ ክፈተው፣ ቀስ እያልክ ጨምር። ብዙ አሮጌ ፒክአፖች ላይ ቱቦው አፍስሶ አንድ ቀን መካኒክ አቋርጦት ያልፋል፣ ባለቤቱም አያውቅም። አስመርምረው። በነገራችን ላይ ራዲያተርህ ውስጥ ያለው ንጹሕ ውሃ ከሆነ ቾቄ ላይ አታሳድረው። የረጋ ውሃ ይለጠጣል፤ ሞተር ብሎክ ከተሰነጠቀ መስታወት ትዝ አይልህም። ውሃው እንዳይረጋ ግማሽ በግማሽ አንቲፍሪዝ አድርግበት።

ይኸው ለአክስትህ የምትልክላት መልእክት። አንድ አጭር መፋቂያ፣ የነሐስ ምላጭ ያለው፣ ካልተገኘ ፖሊካርቦኔት። ረጅሙን ትተወው፤ ትልቅ ሻንጣ እንኳ ቁመቱ 75 ሴንቲ ቢሆን ነው፣ የሚሳበው እጀታ ተጣጥፎም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ለብቻው ካስጫነችው ደግሞ እንደ አንድ ሻንጣ ይቆጠርባታል። አጭሩ በልብስ ተጠቅልሎ ይገባል፣ ከ10 ዶላር በታችም ታገኘዋለች። በእጅ ሻንጣ እንዳትይዘው ንገራት፣ ምላጭ ነው ተብሎ ፍተሻ ላይ ጭቅጭቅ እንዳይነሣ።

ከፎቶዎቹ መሃል ወፍራም ጓንት ውስጥ የተሰፋ መፋቂያ ካለ እሱን ትምረጥ። እጅህን ውስጡ አስገብተህ ነው የምትፍቀው። እኔ ስመጣ ዴንቨር ረስቼው የመጣሁት ዕቃ እሱ ነው። ሁለት ካመጣች አንዱን እኔ እገዛታለሁ።